የወንድሜ ስምና የሄምፕ ቅባት፦ ከበርን እስከ መርካቶ

መንገድ ከፍቶ ያስወጣኝ፣ መንገድ ከፍቶም የመለሰኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው እዚህ በርን ለምንሰበሰብ የጽዋ ማኅበራችን እኅቶች ነው። ገሚሶቻችሁ እዚሁ ተወልዳችሁ መርካቶን የምታውቁት በእናቶቻችሁ አፍ ብቻ ነው፤ ገሚሶቻችሁ ደግሞ በጤና ወይም በወረቀት ምክንያት ተመልሳችሁ የምታዩት አይመስላችሁም። በጾመ ነቢያት እኩሌታ፣ ማኅበሩን የማዘጋጅበት ተራ ደርሶብኝ ሳለ "ምን አስሮጣት?" ላላችሁም መልሱ እዚህ አለ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ መርካቶ ውስጥ የመዋቢያ ዕቃ ይሸጣል፤ ሳሙና፣ ቅባት፣ የፀጉር ዘይት። ከቢቸና ወጥቶ አዲስ አበባ የገባው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነበር፤ እኔንም አስተምሮ ለዚህ ያበቃኝ ያ ሱቅ ነው። ደወለና "አንቺ የምትሸጭውን የሄምፕ ቅባት እኔም ላስመጣው ነው፤ ሰው ካገኘሽ ናሙና ላኪልኝ" አለኝ። መስፍን የሚባል ሰው ውጭ አገር አቅራቢ አግኝቶለታል። ቅባት አለው፣ በጠብታ የሚወሰድ ዘይት አለው፣ ሻይም አለው። ዕቃው የሚገባው ግን በመስፍን ስም አይደለም፤ በጋሼ ታደሰ የአስመጪነት ፈቃድ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ መስፍን ላኪውን "ጫን" ሊለው ቀጠሮ ይዘዋል።

የምሠራበትን መደብር ታውቁታላችሁ፤ በባቡር ጣቢያው በኩል ስትወጡ ያለው፣ የዕፀዋት መድኃኒትና ቅባት የሚሸጥበት። የሄምፕ፣ ማለትም የካናቢስ ተክል ቅጠል የተሣለበት መደርደሪያም አለን። ስቀጠር እሱን አይቼ ደነገጥኩና ለንስሐ አባቴ ነገርኩ፤ ሕጉንም አስተርጉሜ አነበብኩ። በዚህ አገር ካናቢስ ሁሉ አንድ አይደለም። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላው በዕፅነት አይቆጠርም፤ ሲቢዲ የሚሉት ሌላው ንጥረ ነገር አያሰክርም፤ ዘይቱ ግን ለመጠጥ ስላልተፈቀደ በጠርሙሱ ላይ ይኸው ይጻፍበታል። ድንበር ተሻግራችሁ ጎረቤት አገር ስትገቡ ደግሞ ልኩ ከዚህም ያንሳል። አንዱ ጠርሙስ፣ ባቡር አንድ ጣቢያ እስኪሄድ ድረስ ብቻ ሕጋዊ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህን ለደንበኛ ሳስረዳ ስለኖርኩ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ለጋሼ ታደሰ "ተው" አልኩት። ሳቀብኝ። "አንቺ ስትሸጭው ሕጋዊ፣ እኔ ስሸጠው ሐሺሽ?" ብሎ ዘጋው። ወዲያው ሚስቱ እትዬ አስካለ ደወለች። "ስኳር በሽተኛ ነው፤ መርፌው በሰዓት ነው። ቢታሰር ምን ዓይነት ስንቅ ነው የማመላልስለት? ነይና ንገሪው፤ የሚሰማው አንቺን ነው።" ጎጃሜ ወንድም በስልክ አይመከርም። ከአለቃዬ ፈቃድ ጠየቅሁና ቲኬት ቆረጥኩ።

ሰኞ

አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ሻንጣዬን ከማስረከቤ በፊት ወደ ጥግ ወስጄ አንድ በአንድ ፈተሽኩት። ልጆቻችሁ "ተጨናቂዋ እትዬ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ይበሉኝ። አደራ የሰጣችሁኝን ጥቅል ሁሉ እቤቴ በፊታችሁ ያስከፈትኳችሁም ለዚህ ነው። ሻንጣው ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ እጄን ካፖርቴ ኪስ ብከት ትንሽ ቱቦ አገኘሁ፤ አረንጓዴ፣ አምስት ጣት ያለው ቅጠል ተሥሎበታል። ለካ ሞኒካ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ስትሰናበተኝ "አውሮፕላን ውስጥ እጅ ይደርቃል" ብላ ኪሴ ከታዋለች!

ደወልኩላት። "የእጅ ቅባት እኮ ነው!" አለች በሳቅ።

"እዚህ የእጅ ቅባት ነው፣ ሞኒካዬ። ከስድስት ሰዓት በኋላ የማርፍበት አገር ደግሞ የእስር ቤት በር ነው።"

ስናልፍ የምናርፍባት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ሕግ ቀልድ አያውቅም፤ መንገደኛ ነኝ፣ ከማረፊያው አልወጣሁም ማለት አያድንም። ቱቦውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩትና እጄን ታጠብኩ። አፌ ላይ ወንድሜን የምመክርበት ቃል ይዤ፣ ኪሴ ውስጥ ደግሞ ያንኑ ዕቃ ተሸክሜ ልገባ ነበር። አማተብኩና ተሳፈርኩ።

የጾም ምግብ ቀድሜ ያዘዝኩ ቢሆንም አልተጫነልኝም። አስተናጋጇ ይቅርታ ስትጠይቅ ቆይታ ከራሷ ስንቅ ሙዝና ለውዝ አመጣችልኝ። እንዲህ ያለውን ደግነት እግዚአብሔር ይቁጠርላት።

ማክሰኞ

ቦሌ የደረስኩት በጠዋት ነው። ጉምሩክ ላይ ሻንጣዬ ተከፈተ። ለእትዬ አስካለ የያዝኩትን የደረቀ የካሞሚል አበባ ፈታሹ አነሣና ከረጢቱን ፈትቶ አሸተተ።

"ይሄ ምንድን ነው፣ እናቴ?"

"ሻይ ነው፤ ለሆድና ለእንቅልፍ።"

እንደገና አሸተተ፤ ለጓደኛውም ሰጠው። ጓደኛው አሽትቶ አስነጠሰ። እኔ ዳዊት በልቤ እየደገምኩ ቆሜያለሁ። "እናቴ፣ እዚህም ሻይ አለ እኮ" አለና መለሰልኝ። ተንበርክኬ ወለሉን የሳምኩት ያህል ተሰማኝ። አበባ ለማሽተት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው በካርቶን የመጣ የሄምፕ ሻይ ቢያገኝ ምን እንደሚል ያኔ ገባኝ።

ጋሼ ታደሰ ይኖርበት የነበረው ግቢ ለልማት ስለፈረሰ ኮንዶሚኒየም ወጥቷል፤ ከመርካቶ ይርቃል። እኔ ደግሞ የመጣሁበት ጉዳይ ሱቁ ላይ ስለሆነ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አነስተኛ ሆቴል ያዝኩ። በርን ውስጥ ባቡር ሲነሣ የምትሰሙት የበሩን ድምፅ ብቻ ነው። እዚያ ግን ገና ሳይነጋ የአውቶቡስ ረዳቶች "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው ደሴ!" ይላሉ፤ አንድ ሰው የሚሉትም ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ ነው። ውኃ አልነበረም። የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ራሳቸው ሙቅ ውኃ በባልዲ ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። "ይተዉት፣ እኔ ልያዘው" ብላቸው "እንግዳ ባልዲ ተሸከመ እንዲባልልኝ ነው?" ብለው ተቆጡኝ።

ታጥቤ በእግሬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ጋሼ ታደሰ ከባንኮኒው ዘልሎ ወጥቶ አቀፈኝ፤ አገላብጦ ሳመኝ፤ ጸጉሩ ሁሉ ነጥቷል። ገና እንባዬን ሳልጠርግ ጆሮዬ ላይ ዝቅ ብሎ "ናሙና አመጣሽ?" አለኝ።

"አላመጣሁም።"

"እንዴት አታመጭም?"

"ሕገወጥ ነገር በሻንጣዬ አልይዝማ፣ ጋሼ።"

"አሁን ይሄ አነጋገር ነው? አንቺ ከጠዋት እስከ ማታ የምትሸጭው ዕቃ!"

"እዚያ ያለው መንግሥት ፈቅዶ፣ ለክቶ፣ ጽፎበት ነው የምሸጠው። እዚህ ፈቅዷል?"

"አልከለከለማ።"

"ማን አለ?"

"መስፍን።"

ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ቅባቶች እያየሁ "እነዚህ ሲገቡ መስፍን ብሎህ ነው ወይስ ፈቃድ አግኝተህ?" አልኩት።

"በፈቃድ ነው እንጂ!"

"ታዲያ ይሄኛው ምን ስለሆነ በመስፍን ቃል ይገባል?"

መልስ ሲያጣ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ የተደረደረ ሳሙና ያስተካክላል። አስተካከለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነተኛውን ነገር አወጣው። አንደኛ፣ ከመስፍን ጋር እጅ ተጨባብጧል፤ ምስክራቸው የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ሐጂ ኑሪ ናቸው። በዚህ ተራ ሐጂ ኑሪ ፊት የተጨበጠ እጅ ከማንኛውም ውል ይበልጣል፤ ያን ያፈረሰ ሰው ሰላምታ ያጣል። ሁለተኛ፣ ለቅዱስ ራጉኤል ተስሏል። ዕቃው በሰላም ከገባለት ባለ ወርቀ ዘቦ ጥላ ሊያገባ።

"መልአኩን እንዴት ልዋሸው?" አለኝ። የምሩን ነው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እኅቶቼ፣ አገራችንን ለማታውቁ ይህን ልንገራችሁ። በርን ውስጥ ነጋዴ ዕቃው ከመግባቱ በፊት የሚያማክረው ጠበቃ ነው። ወንድሜ ያማከረው መልአክ ነው። አልሳቅሁበትም። ስለት የያዘን ሰው በሕግ አንቀጽ አታሸንፉትም፤ መጀመሪያ ስለቱ መፈታት አለበት።

ረቡዕ

እትዬ አስካለ በጠዋት ሆቴሉ ድረስ መጣች፤ በምሳ ዕቃ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት ይዛለች። "ወንድም እያላት ሆቴል አደረች ይባልልኝ!" ብላ ወይዘሮ አልማዝ ፊት አሳፈረችኝ። ወይዘሮ አልማዝም አልቀሩላት፤ "እኛስ ሰው አይደለንም እንዴ?" አሏት። ሁለቱ እኔን ረስተው ለረጅም ጊዜ ተነታረኩና መጨረሻ ላይ ስልክ ተለዋውጠው ተለያዩ።

ከዚያ ከጋሼ ታደሰ ጋር ራጉኤል ሄድን። ቅጥሩን ስትረግጡ የገበያው ጩኸት ከኋላችሁ ይቀራል፤ የተሸካሚዎቹን "መንገድ! መንገድ!" ግን አሁንም ትሰሙታላችሁ። እኛ እዚህ ቅዳሴ የምናደርገው ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን፣ ሰዓታችን ሳያልቅ ምንጣፋችንን እየጠቀለልን ነው። እዚያ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ግንቡን ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁና ቀናሁ።

የጋሼ ታደሰ ንስሐ አባት ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ጋሼ ታደሰ ነገሩን ከነገራቸው በኋላ እኔም ዕቃው ምን እንደሆነ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስረዳኋቸው። ተክሉን እግዚአብሔር እንደፈጠረው፣ ብዙ ዓይነት ጥቅም እንዳለው፣ እዚያ ፍሬውን እኛ ተልባ እንደምንበላው እንደሚበሉት፣ ነገር ግን አገራችን ከዚህ ተክል የተሠራ ቅባትና ዘይት እንዲገባ መፍቀዷን እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

"ስለቱን በቃልህ ንገረኝ" አሉት።

"'ዕቃው በሰላም ከገባልኝ ጥላ አገባለሁ' ነው ያልኩት፣ አባ።"

"ካልገባስ?"

"እ?"

"ካልገባስ ምን ብለሃል?"

"ምንም አላልኩም።"

"እንግዲያው ምን ዕዳ አለብህ? ዕቃው እንዳይገባ አድርገው፤ ስለቱ አብሮ ይቀራል።" ቀና ብለው አዩት። "ስማኝ፣ ታደሰ። መልአኩን ስለ ልጅህ ለምነው፣ ስለ ጤናህ ለምነው። የጉምሩክ አስተላላፊ ግን አታድርገው።"

ጋሼ ታደሰ ሳቁ አመለጠው። በመስቀል ባረኩን። ስንወጣ በሩ ላይ ቆሞ "አባ ስለቱን ፈቱልኝ፤ ሕጉን ግን አላወቁትም" አለኝ። "መስፍን አልተከለከለም ይላል፤ አንቺ አልተፈቀደም ትያለሽ። ሁለታችሁም አላያችሁትም።"

ልክ ነበር። እኔም የማውቀው የበርንን ሕግ እንጂ የዚህን በእርግጠኝነት አልነበረም።

ሐሙስ

ስለዚህ ምግብና መድኃኒት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሄድን። እኔ በበርን ልማድ ቀጠሮ ለመያዝ ስልክ ስቀጠቅጥ፣ ጋሼ ታደሰ "ቀጠሮ የላችሁም ካሉን እንመለሳለን" ብሎ በቀጥታ አስገባኝ። ጥበቃው "የት ነው?" ሲለው "ለመጠየቅ" አለው፤ አለፍን። በዚህ እሱ አሸነፈኝ።

የተቀበለችን ባለሙያ ወጣት ሴት ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ጸጉሯን ሰብስባ አሥራለች። ጋሼ ታደሰ ሱቁን፣ ተራውን፣ ከቢቸና መምጣቱን ሁሉ ነገራት። በትዕግሥት ሰማችው። ከዚያ የመስፍንን ዕቃ ስም ከስልኬ ላይ አሳየኋት።

"እነዚህ ከካናቢስ የወጡ ናቸው" አለች። "ለመዋቢያም ሆነ ለምግብ ተመዝግቦ እንዲገባ የተፈቀደ የለንም።"

"የማያሰክር ቢሆንም?" አልኳት።

"ጥያቄዎ ጥሩ ነው። በእርስዎ አገር የሚለኩት ልክ አለ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ስም ይሰጡታል። እኛ ዘንድ ነጋዴው 'ከልኩ በታች ነው' ብሎ የሚከራከርበት መስመር የለም። ሳያስፈቅዱ ካስገቡት፣ የሚጠየቁት 'ቅባት ሳታስመዘግብ አስገባህ' ተብለው ብቻ አይደለም፤ በዕፅ ጉዳይ ነው።"

"የሚጠየቀው ማን ነው?" አለ ጋሼ ታደሰ።

"ስሙ ፈቃዱ ላይ ያለው፣ አባቴ።"

"የላከልኝ ሰው ዋሽቶኝ ቢሆንስ?"

"ያን ፍርድ ቤት ያስረዳሉ። እስከዚያ ግን..." አልጨረሰችውም። እጁን አየችው፤ የስኳር መለኪያ የወጋው ጣቱ ላይ ፕላስተር ነበረበት። "ዕቃው ተጭኗል?"

"ነገ ነው።"

"እንግዲያው ገና ምንም አልሆኑም። ከፍሬው ብቻ ስለተጨመቀ ዘይት ወይም ስለ ሌላ ነገር ማወቅ ከፈለጉ በጽሑፍ ያስገቡ፤ እንመልሳለን። መልሱ እስኪመጣ ዕቃው እዚያው ባለበት ይቆይ።"

ስንወጣ ጋሼ ታደሰ ታክሲ ጠራ። ታክሲ ውስጥ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቆ ተቀመጠ። ጎጃም በረንዳ ስንደርስ "ትክክል ነበርሽ" አለኝ፤ ከዚያ ወዲያው ደግሞ "ግን እጄን ምን ላድርገው?" አለና ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ አየው።

ዓርብ

ነጋዴ ሲጨባበጥ የመሰከረ ሰው፣ ሲላቀቅም ይመሰክራል፤ በጋሼ ታደሰ ተራ ያለው ልማድ ይህ ነው። በስልክ "ትቼዋለሁ" ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ሐጂ ኑሪ ሱቅ ውስጥ በጓሮ በኩል፣ በሳሙና ካርቶኖች ላይ ተቀመጥን። ሐጂ ኑሪ ከጁምዓ ሶላት መልስ ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ ነበሩ፤ ለእኔ ጾሜን አውቀው ሻይና ደረቅ ዳቦ አስመጡ፤ የመጣውን ብስኩት ደግሞ ወተት እንዳይኖረው ራሳቸው በመነጽራቸው ጀርባውን አነበቡ። በርን ውስጥ ይህን የሚያደርግልኝ የለም።

መስፍን መጣ። ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። አርባ ያልሞላው፣ ጨዋ፣ ስልኩን የማያስቀምጥ ሰው ነው።

"እትዬ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ" አለኝ። "የመስኩ ባለሙያ ነዎት። ካናዳ ፈቀደ፣ ጀርመን ፈቀደ፣ ታይላንድ ፈቀደች፣ ሌሶቶ ሳትቀር ፈቀደች። እኛ መቼ ነው የምንነቃው? ቀድሞ የገባ ነው የሚበላው!"

"ልመልስልህ፣ ወንድሜ?" አልኩት። "ካናዳ ፈቅዷል፤ ግን አንድ ጠርሙስ ይዘህ ከአገሩ ልትወጣ ብትሞክር ያስርሃል። ጀርመን ሰው በቤቱ ጥቂት እንዲተክል ፈቅዷል፤ ሱቅ ከፍቶ እንዲቸረችር ግን አልፈቀደም። ታይላንድ ከፈቀደች በኋላ መልሳ አጠበቀችው፤ ቀድመው የገቡትም በራቸው ላይ የእሸጋ ወረቀት ተለጠፈባቸው። ሌሶቶም ብትሆን በፈቃድ ነው፤ እንደፈለገው የሚሸጥ የለም። አንድም መንግሥት 'ኑ፣ ዝም ብላችሁ ሽጡ' ያለ የለም። የፈቀደው ሁሉ መስመር አሥምሮ ነው የፈቀደው።"

"እዚህ መስመሩ አልተሠመረማ።"

"ተሠምሯል። ትናንት ጠይቀን መጣን፤ ከእግርህ ፊት ነው ያለው።"

ጋሼ ታደሰ የባለሙያዋን ቃል አንድም ሳያስቀር ደገመለት። መስፍን ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠው። "ይሄ ዘይት እኮ ለወገቤ የረዳኝ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ውጭ አገር ስኖር መኪና ገጭቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነው። መርዝ አላመጣሁም።"

"አልክድህም" አልኩት። "የእኔም ደንበኞች እንዲህ ይሉኛል። መድኃኒት ከሆነ በመድኃኒት በር ይግባ፤ በወንድሜ የሳሙና በር ግን አይግባ።"

ሐጂ ኑሪ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"መስፍን ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዕቃው ንጹሕ ነው አይደል?"

"ንጹሕ ነው፣ ሐጂ።"

"ታዲያ ለምን በራስህ ስም አይገባም?"

"የእኔ ፈቃድ የመለዋወጫ ነው፤ የመዋቢያ የለኝም።"

"ማውጣት ትችላለህ እኮ። ልጅ ነህ፣ ጉልበት አለህ።"

መስፍን ወደ ጋሼ ታደሰ አየ፤ ጋሼ ታደሰ ወደ መሬት አየ። ከውጭ ተሸካሚ "ጀርባ! ጀርባ!" እያለ ያልፋል።

"እኔ የመሰከርኩት ለመዋቢያ ነው" አሉ ሐጂ ኑሪ። "ሰው በእኔ ፊት የሚጨብጠውን ዕቃ ያውቃል ብዬ ነው። ታደሰም ሳያውቅ ጨበጠ፣ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ይቅርታ ይጠይቅህ። አንተም የፈራኸውን ሸክም በሽማግሌ ጀርባ ልትጭን አልነበረም ወይ?"

"አልፈራሁም..."

"ፈርተሃል። ብትፈራም ልክ ነህ። አሁን እጁን ልቀቅለት።"

ጋሼ ታደሰ ተነሥቶ "መስፍን፣ አስለፍቼሃለሁ፤ ስለ ማርያም ይቅር በለኝ" አለ። መስፍንም ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ፤ ሐጂ ኑሪ በሁለት እጃቸው የሁለቱን መዳፍ ይዘው አላቀቁት። ጋሼ ታደሰ መዳፉን ኮቱ ላይ ጠረገ፣ ሳያስበው። ሁላችንም አየነው፤ ማንም አልሳቀም፣ ከመስፍን በቀር። እሱ ሳቀ። "ጋሼ፣ እጄ እኮ ቅባት የለበትም" አለው።

እዚያው እያለን ደውሎ "አትጫን" አለ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ እኔ ቃል በቃል ሰማሁት፤ ለጋሼ ታደሰም በጆሮው ተረጎምኩለት።

ቅዳሜ

የማታ በረራ ነበረኝ። ጠዋት ከእትዬ አስካለ ጋር ሸማ ተራ ወርደን ለአንዳንዶቻችሁ ነጠላ ገዛን፤ ለማን የትኛው እንደሆነ ስንገናኝ እሰጣለሁ። ሻጩ "ከውጭ ነሽ አይደል?" ሲለኝ "ከቢቸና" አልኩት፤ እትዬ አስካለ "እሷ ከበርን ነች፤ ዋጋ ግን በቢቸና ነው" አለችው። ወይዘሮ አልማዝ ለመንገድ ቆሎ ቋጥረውልኛል። ከጋሼ ታደሰና ከእትዬ አስካለ ጋር ሱቁ ጋ ተሰነባበትን፤ ማለትም ልንሰነባበት ስንል አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ገባች።

"ታደሰ፣ ያ ቅጠል ያለበት ቅባት ይገባል ብለኸኝ አልነበር? ጉልበቴ ሊገድለኝ ነው።"

"አልገባም፣ እትዬ። አይገባምም።"

"ምነው? ውጭ አገር እኮ በየሱቁ ነው ይላሉ።"

"ልክ ነው። ይቺ እኅቴ ራሷ ትሸጠዋለች።"

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ በራ። "እንዴ! ሱቅሽ የት ነው፣ ልጄ?"

"በርን" አልኳት።

"የትኛው ታክሲ ነው የሚወስደው?"

ጋሼ ታደሰ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ፣ በዚህ ሳምንት ካየሁት ሁሉ በላይ ፊቱ በርቶ፣ "አውሮፕላን ነው፣ እትዬ" አላት። "እዚያ መንግሥቱ ለክቶ ፈቅዷል፤ እዚህ አልፈቀደም። ከተፈቀደ እኔ የመጀመሪያው ነኝ። እስከዚያ ይሄ አለልዎ" ብሎ የተለመደውን የባሕር ዛፍ ቅባት ከመደርደሪያው አወረደላት።

"እዚያ የሚፈውስ እዚህ ይገድላል እንዴ?" አለች ሴትዮዋ እየተነጫነጨች።

"እርስዎንማ አይገድልም" አላት። "የሚገድለው እኔን ነው።"

ሳቀች፤ ቅባቱን ወሰደች። እኔ ቦርሳዬን አነሣሁ። ጋሼ ታደሰ ከባንኮኒው ወጥቶ ሻንጣዬን በራሱ እጅ እስከ ታክሲው ይዞልኝ ሄደ።